ከታቦር ሩጫ እስከ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ እንቅልፍ

ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ታቦር ተራራን ብትወጡ ብቻችሁን አትሆኑም። ቱታ ለብሰው ሽቅብ የሚሮጡ የሐዋሳ ተማሪዎች አሉ። እኔም ከነሱ አንዱ ነበርኩ፣ ስፖርትንና ትምህርትን አብረን ስናስኬድ የምንሠራቸውን፣ ከታች ያሉትን ስህተቶች በሙሉ ማለት ይቻላል ሠርቻቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ከእንቅልፍ መስረቅ ነው። እስከ 6 ሰዓት ጥናት፣ 11 ሰዓት ላይ ሩጫ፣ ከዚያ ቀጥታ ክፍል። ቁጠሩት፣ አምስት ሰዓት እንኳን አይሞላም። ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ የሚመከረው ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው። እኔ ጀግና የሆንኩ መስሎኝ ነበር፤ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ግን መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ እኔ ዴስኩ ላይ ለሃጬን አዝረከርካለሁ። ያጠናነው ነገር ጭንቅላት ውስጥ የሚረጋው፣ የደከመ ጡንቻም የሚጠገነው ስንተኛ ስለሆነ ኪሳራው በሁለቱም በኩል ነው። ጠዋት ልምምድ ካለ ማታ አንድ ትምህርት ብቻ ይዛችሁ 3 ሰዓት ላይ ተኙ።

ሁለተኛው ከዚሁ ስህተት የሚወለድ ነው፦ ጫት። "ለጥናት ነው" ይባላል፣ እሺ። እንቅልፍም የምግብ ፍላጎትም ይዞ ይሄዳል፣ ልብ ይደልቃል፣ በማግስቱ በዚያው ሰውነት ነው ሜዳ የምትገቡት። ብዙ ልጅ የማያውቀው ደግሞ፣ ጫት ውስጥ ያለው ካቲን በዓለም አቀፉ የፀረ-ዶፒንግ (በስፖርት የተከለከሉ አበረታች ቅመሞች) ዝርዝር ውስጥ አለ፤ ውድድር ላይ ሽንታችሁ ውስጥ በሚሊ ሊትር ከ5 ማይክሮ ግራም በላይ ከተገኘ ጣጣ ነው።

ቁርስ ሳይበሉ ክፍል መግባትን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሙዝና ቆሎ ቦርሳ ውስጥ ይኑር፣ አለቀ።

"ክለብ ከገባሁ ትምህርት ምን ያደርግልኛል?" የሚለውም አለ። ከሰፈራችን ስንት ኳስ የሚችል ልጅ ነበር፣ ዋናውን ቡድን ማልያ የለበሰው ግን በጣት ይቆጠራል፣ ጉልበቱን የተጎዳማ ደብተሩንም ኳሱንም ሳይይዝ ቀረ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ደግሞ 50 በመቶ ነው የሚፈልገው፣ ስንት ጎል እንዳገባችሁ አይጠይቅም።

እኔን በጣም የጎዳኝ ግን ዝምታዬ ነው። ጨዋታና ሚድ ፈተና አንድ ቀን ገጠሙብኝ፣ ለአሠልጣኙም ለመምህሩም ሳልናገር ወደ ጨዋታው ሄድኩ። የፈተናው ውጤት ዜሮ። አሠልጣኙ በኋላ ሲሰማ "እንዴ፣ ብትነግረኝ አንተን አሳርፌ ሌላ ልጅ አሰልፍ ነበር እኮ" አለኝ። የፈተና ፕሮግራም እንደወጣ ፎቶ አንስታችሁ በቴሌግራም ላኩለት።