ማታ መብራቱን ቀንሱ፣ ጠዋት ወደ ሐይቁ ውጡ

ሐዋሳዎች፣ ማታ እንቅልፍ እምቢ የሚላችሁ ካላችሁ መጀመሪያ የቤታችሁን መብራት እዩት።

አንጎላችን መሃል የሩዝ ፍሬ የምታክል ፓይኒያል የምትባል እጢ አለች። ሲጨልም ሜላቶኒን የተባለ ሆርሞን ታመነጫለች፤ ሰውነታችን መምሸቱን የሚያውቀው በእሱ ነው። መጨለሙን የሚነግራት ደግሞ ዓይናችን ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት ሳሎኑ በነጭ አምፖል ቦግ ብሎ፣ ስልኩም ፊታችን ላይ ተደቅኖ ከሆነ፣ ሜላቶኒኑ ይቀንሳል ወይም ይዘገያል።

ስለዚህ ከመተኛታችሁ አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ትልቁን አምፖል አጥፉ። ቢጫና ደብዘዝ ያለው ይበቃል። ስልኩን ሌላ ክፍል ቻርጅ ላይ ሰክታችሁ ግቡ። ልጆች ላይ ደግሞ አደራ! መብራት የእነሱን ሜላቶኒን ከአዋቂ ይበልጥ ይቀንሰዋል።

የጠዋት ብርሃን የሰውነትን ሰዓት ያስተካክላል፤ ማታ እንቅልፍ በጊዜው ይመጣል። እኛ መቼም ሐይቁ አጠገባችን ነው። አንድ ሰዓት ገደማ ወደ አሞራ ገደል ወይም ፍቅር ሐይቅ በእግር ወጣ በሉ። ደመና ቢሆንም የውጭው ብርሃን ከቤት ውስጡ እጅግ ይበልጣል።

እንቅልፍ ማጣቱ ሳምንታት ከቆየባችሁ ግን ሐኪም ጋ ሂዱ፤ የሜላቶኒን ክኒንም በራሳችሁ አትጀምሩ።