የብድር ክፍያ ሊያልፍህ ሲል

የብድር ፋይል ሳገላብጥ ዓመታት አልፈዋል። ተበዳሪ የሚጠፋው ገንዘብ ስላጣ ብቻ አይደለም፤ ስለሚያፍርም ነው። ስለዚህ ቀኑ ሳያልፍ ደውል። "በዚህ ወር የምችለው ግማሹን ነው" በል፤ ይበቃል። እባክህ ስልክህን አትዝጋ። በብዙ ባንኮች 90 ቀን ያለፈው ብድር የተበላሸ ተብሎ ይመደባል። ከዚያ በኋላ መላ መፈለግ ለእኛም ይከብደናል።

አበዳሪ ከሆንክ ደግሞ ከመያዣው በፊት ገቢው መቼ እንደሚገባ ጠይቅ። አንዲት ልብስ ሰፊ በየወሩ ትዘገይብን ነበር። ደብተሯን አብረን ገልጠን አየን። ደንበኞቿ የሚከፍሏት ወሩ ሲያልቅ ነው፤ የእኛ ቀን ግን 25 ነበር። ወደ 3 አዞርነው። ከዚያ ወዲህ አንዴም አልዘገየችም።

ዋስ ካለ፣ ገና በመጀመሪያው መዘግየት አሳውቀው።