«ሰላም» ስንት ባይት ነው? የተበላሸ የማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ሲገጥማችሁ

ዌብሳይቱ ስህተት ማውጣት ሲጀምር ሁሉም የሚሮጠው ወደ ጥገና ነው። ቆይ! መጀመሪያ ዳታቤዙን ከነብልሽቱ ኮፒ አድርጉት። «የተበላሸ ኮፒ ምን ያደርግልኛል?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ጥገናው ራሱ ማንበብ ያቃተውን መረጃ ቆርጦ ሊጥል ይችላል። ያኔ መመለሻችሁ ያ ኮፒ ብቻ ነው።

ከዚያ ዲስኩን እዩ። ስህተት ቁጥር 28 ማለት ቦታ አልቋል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ያበጠ የሎግ ፋይል (የሰርቨሩ መዝገብ) ነው።

ቴብሉ ክራሽ አድርጓል ከተባላችሁ ዓይነቱን አጣሩ፤ ማይአይሳም እና ኢኖዲቢ የሚባሉ ሁለት የተለመዱ የቴብል ዓይነቶች አሉ። ማይአይሳም ከሆነ «ሪፔር ቴብል» በአብዛኛው ይበቃዋል። ኢኖዲቢ ግን ይህን ትእዛዝ አያውቀውም። ሰርቨሩ አልነሳ ካለ «ኢኖዲቢ ፎርስ ሪከቨሪ» የሚባለውን የሰርቨር ሴቲንግ ከ1 ጀምራችሁ አንድ በአንድ ከፍ አድርጉ። እንደተነሳ ዳታውን አውጥታችሁ አዲስ ዳታቤዝ ላይ ጫኑት። 4 እና ከዚያ በላይ ዳታውን ለዘለቄታው ሊያበላሽ ይችላል። በቀጥታ 6 ላይ የሚያደርጉ ሰዎች አሉ፤ ድፍረታቸው ይገርመኛል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የአማርኛው ጽሑፍ ነው። ፊደሉ ጥያቄ ምልክት ሲሆን ሰው ወዲያው «ጠፋ» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ዓይናችሁን አትመኑ። «ሰላም» የሚል ቃል ብቻ እንደተጻፈበት የምታውቁትን ቦታ ፈልጉና «ሌንግዝ» በሚለው ፈንክሽን ባይቱን አስቆጥሩ። በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይረው የተለመደ ኮድ) አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ 9 መምጣት አለበት። 9 ከመጣ ዳታው አለ፤ የተሳሳተው አብዛኛውን ጊዜ የኮኔክሽኑ ካራክተር ሴት ነው፤ ማለትም ዌብሳይቱና ዳታቤዙ ፊደል የሚለዋወጡበት ኮድ። 3 ከመጣ ግን የተቀመጠው ራሱ ጥያቄ ምልክቱ ነው። ያኔ ከባክአፕ ውጪ መፍትሔ የለም። ከ9 በላይ ከሆነ ደግሞ ጽሑፉ ወደ ዩቲኤፍ-8 ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ አድካሚ ነው እንጂ ይመለሳል።

9 ሆኖ ኮለሙ ላቲን1 (የላቲን ፊደላት ካራክተር ሴት) ከሆነስ? በቀጥታ ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 (የማይኤስኪውኤል ሙሉው ዩቲኤፍ-8) አትቀይሩት፤ ማይኤስኪውኤል እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ የላቲን ፊደል ቆጥሮ ይተረጉመዋል። መጀመሪያ ወደ ብሎብ (ባይቱን ሳይተረጉም እንዳለ ወደሚያስቀምጥ የኮለም ዓይነት)፣ ከዚያ ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4። ይህንንም ኮፒው ላይ ሞክሩት።

«ኤምቢ4» የምትለዋን ደግሞ አትርሷት። ያለሷ አማርኛው በደንብ ይገባል፤ አብዛኛው ኢሞጂ ግን 4 ባይት ነው። ጽሑፍ ኢሞጂው ጋ ሲደርስ እየተቆረጠ የሚቀር ከሆነ መጀመሪያ እሷን አጣሩ።