ስለ ዊንዶውስና ሊኑክስ ሰምና ወርቅ እንዴት ይሠራል?

መጀመሪያ ህብረ ቃል ይፈለግ፤ በፊደላችን አንድ ዓይነት ተጽፎ ሁለት ነገር የሚሆን ቃል። «ካሽ» ኪስ ውስጥ ያለው ብር ነው፤ ኮምፒውተሩ ቶሎ እንዲያገኘው አጠገቡ የሚያስቀምጠው ዳታም ነው። «ሩት» የሴት ስም ናት፤ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተር በሚያሠራው በሊኑክስ ደግሞ ባለሙሉ ሥልጣኑ ተጠቃሚ። «አፕዴቱ መቼ ያልቃል?» ለሚል «ገና ነው» ይባላል፤ ፊደሉ መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ በዓሉም መዘግየቱም ይነበባል። ይህቺ በጽሑፍ እንጂ በድምፅ አትላክ፤ አፍ ከሁለቱ አንዱን መምረጡ አይቀርም።

ቃሉ ከተገኘ በወል ቤት ይገጠም። ስንኙ 12 ቀለም ነው፣ 6 ላይ ያርፋል፦

ደጅ ቢጠናም ቆሞ ከነሎሌው ስንቱ፣
ሩት እሺ ካላለች አይከፈትም ቤቱ።

ሰሙ ሩትን ፈልጎ ሎሌ አስከትሎ ደጅ የሚጠና ጎበዝ ነው። ወርቁ ሲወጣ፣ ጎበዙ ተራ ተጠቃሚ፣ ሎሌዎቹ እሱ ያስነሣቸው ፕሮግራሞች፣ ቤቱ የሩት የራሷ ፎልደር ነው፤ ኡቡንቱ በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ ሌላ ሰው አይገባበትም። አማላጅ ካስፈለገ ሱዶ አለ፤ የተፈቀደለት ሰው የራሱን የይለፍ ቃል አስገብቶ በሩት ስም ያዛል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ወርቁ ነው። «ሩት ካልፈቀደች ምንም ፋይል አይከፈትም» ቢባል ያስቅ ይሆናል፣ ግን ውሸት ነው፤ ማንም የራሱን ፋይል ይከፍታል። እንዲህ ያለውን ሲሰማ የሚያውቅ ሰው ሊያርም ይነሣል፣ ጨዋታውም ክርክር ይሆናል።

የስም ትርጓሜ ደግሞ በአንድምታ ወግ ቢሆን ያምራል። ሐሰተኞቹ ይቀድማሉ፣ እውነተኛው መጨረሻ ይመጣል፤ እያንዳንዱም ምክንያቱን በ«ና» ይዘጋል። ዊንዶውስ ወንድ ዋስ ነው፤ ሴቭ ሳይደረግ ቢዘጋ ዋስ ያስጠራልና። አንድም ወይን ዳስ ነው፤ አፕዴት ሲጀምር ጥላ ሥር ተቀምጦ መጠበቅ ነውና። አንድም መስኮቶች ነው፤ ሥራውን ሁሉ በመስኮት ያሳያልና። ኡቡንቱ፦ ኡ፣ ቡን፣ ቱ፤ ትኩስ ቡና ፉት ያለ ሰው ጩኸት ነውና። አንድም ሰብአዊነት ነው፤ በዙሉ ቋንቋ እንዲያ ይባላልና። ሳይስቁ መናገር ግዴታ ነው።

«ለምን?» ለሚል የሚሰጥ የቀልድ ማብራሪያ ከጎንደር ነገር ቢነሣ ይሻላል። ዊንዶውስ አዲሱን የሴቲንግ ገጽ ካመጣ በኋላ የድሮው ኮንትሮል ፓነል ለምን ሳይጠፋ ቆየ? ፋሲል ግቢ ገብቶ ማየት ነው፤ ኢያሱ የአያቱን የፋሲልን አላፈረሰም፣ በካፋም ምንትዋብም ጎን ለጎን የየራሳቸውን ሠሩ።

ከሁሉ የሚጥመው ግን የጥምቀቱ ነው። ዩኒክስ የሚባለው የቆየ ሥርዓትና ዘመዶቹ፣ ሊኑክስም ጭምር፣ ጊዜን የሚቆጥሩት ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ጀምሮ በሰከንድ ነው። በ32 ቢት (0 ወይም 1 በሚይዙ 32 ቦታዎች) የሚቆጥር ሰዓት ከ2,147,483,647 በላይ አይችልም። ይህ ቁጥር የሚሞላው ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው፤ የጥምቀት ዕለት፣ ሕዝቡ የፋሲለደስን መዋኛ ከብቦ ባለበት ንጋት! እንግዲህ ማብራሪያው ራሱ መጣ፦ ሰዓቱ ከወጣቶቹ ጋር ዘሎ ይገባል፣ ብቅ ሲል ራሱን ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. በምኒልክ ዘመን ያገኘዋል። የቁጥሩ የመጀመሪያ ቢት የምልክት ቦታ ስለሆነች፣ ስትሞላ ቆጠራው ወደ ኔጌቲቭ ይገለበጣል። ሰፊ ቦታ ያለው ባለ 64 ቢቱ ሰዓት ግን ዳር ቆሞ ያጨበጭባል።

ዊንዶውስስ? እሱ የፋይል ጊዜ የሚቆጥረው ከ1601 እ.ኤ.አ. ነው፤ ፋሲል ሳይነግሥ፣ ጎንደርም ሳትቆረቆር።