ጫማውን የሰቀለው ኮከብ ስንት አለው? ግምቱን የምሠራው እንዲህ ነው

ከአንድ የቀድሞ ስፖርተኛ ስም አጠገብ «ሀብቱ ይህን ያህል ሚሊዮን ዶላር ነው» የሚል ቁጥር ሳይ፣ መጀመሪያ የምጠይቀው «ከየት መጣ?» ብዬ ነው። ብዙ ጊዜ መልስ የለውም። አንዱ የጻፈውን ሌላው ይቀዳዋል፤ ሲደጋገም እውነት ይመስላል። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ስፖርትም እወዳለሁ። ስለዚህ ነገሩ ያናድደኛል።

ከሜዳው ገቢ ጀምሩ። በአሜሪካ ሊጎች የተጫዋቾች ደመወዝ ስለሚታወቅ ይህ ቀላል ነው። የማይክል ጆርዳን የኤንቢኤ (የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ) ደመወዝ በሙሉ ሲደመር ወደ 94 ሚሊዮን ዶላር ነው። ከዚያ ውስጥ 63 ሚሊዮን የሚሆነው በ1997 እና በ1998 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ካለቁት ሁለት የውድድር ዘመናት የመጣ ነው። ለአውሮፓ እግር ኳስ ግን በአብዛኛው ያለን የጋዜጣ ዘገባ ነው፤ እዚያ ግምቱን ሰፋ አድርጌ እይዛለሁ።

ክፍያው መቼ እንደሚገባም እዩ። የቤዝቦሉ ቦቢ ቦኒያ መጫወት ካቆመ ዓመታት ቢያልፉም፣ ከ2011 እስከ 2035 በየዓመቱ ጁላይ 1 ቀን ከቀድሞ ክለቡ ከኒው ዮርክ ሜትስ ወደ 1.19 ሚሊዮን ዶላር ይከፈለዋል።

አሁን ቀንሱ። የወኪል ድርሻ በኤንኤፍኤል (የአሜሪካን ፉትቦል ሊግ) እስከ 3 በመቶ፣ በኤንቢኤ እስከ 4 በመቶ ነው። ከስፖንሰር ገቢ ላይ የሚወሰደው ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ግብሩ ከበድ ይላል፦ የአሜሪካ ፌዴራል ግብር ከፍተኛው እርከን በ1990ዎቹ አጋማሽ 39.6 በመቶ ነበር፤ ብዙ ግዛቶችም የራሳቸውን ይጨምራሉ። ስለዚህ ከ100 ሚሊዮን ላይ እኔ 55 ብቻ ነው የምይዘው። ከዚያ ኑሮ፣ ቤተሰብ፣ ፍቺ ካለም ፍቺ አለ። ከ55ቱ ተቀምጧል ብዬ የማስበው ከሩብ እስከ ግማሽ ነው። ይህ የእኔ ፍርድ ነው፤ የሰውየው አኗኗር ሌላ የሚያሳይ ከሆነ ለውጡት።

የተቀመጠው ገንዘብ ደግሞ ይወልዳል። በዓመት 6 በመቶ ካደገ በ12 ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ጡረታ ከወጣ 24 ዓመት ለሞላው ሰው አራት እጥፍ ማለት ነው።

ቀጥሎ፣ ጫማውን ሰቅሎ ክለብ መምራት ወይም መግዛት ከጀመረ፣ የኃላፊነቱ ዘመን ይመጣል። ብዙ ግምት የሚበላሸው እዚህ ነው። ሰውየው ተቀጣሪ ነው ወይስ ባለድርሻ? የቀድሞው ግብ ጠባቂ ኤድዊን ቫን ደር ሳር የኔዘርላንዱን እግር ኳስ ክለብ አያክስን በዋና ሥራ አስፈጻሚነት ሲመራ ተቀጣሪ ነበር። ክለቡ በአክሲዮን ገበያ ስለተመዘገበ የኃላፊዎቹ ክፍያ በዓመታዊ ሪፖርቱ ይወጣል። ቁጭ ብሎ ማንበብ ነው። ክለቡ ስንት እንደሚያወጣ ግን የእሱን ኪስ አይነግራችሁም።

ባለድርሻ ከሆነ ጥንቃቄ ይጨምራል። የቀድሞው የቤዝቦል ተጫዋች ዴሬክ ጂተር በ2017 የቤዝቦል ክለቡ ማያሚ ማርሊንስ በ1.2 ቢሊዮን ዶላር ሲሸጥ ከገዢዎቹ አንዱ ነበር፤ ሥራ አስፈጻሚም ሆነ፤ ድርሻው ወደ 4 በመቶ። በቀላሉ ብታባዙት 48 ሚሊዮን ይመጣል። ከኪሱ አወጣ ተብሎ በወቅቱ የተዘገበው ግን ወደ 25 ሚሊዮን ነው። ክለብ ሲገዛ ከዋጋው የተወሰነው በብድር ሊሸፈን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ከክለቡ ዋጋ ላይ ዕዳውን ቀንሱ፣ ከዚያ በድርሻው አባዙ። ጂተር በ2022 ከሥራ አስፈጻሚነቱም ከባለድርሻነቱም ወጥቷል፤ ዛሬም ያንን ድርሻ የሚደምርለት ሰው ተሳስቷል።

ድርሻ ግን የሁሉንም ነገር መልክ ሊቀይር ይችላል። ጆርዳን በ2010 የሻርለትን የቅርጫት ኳስ ክለብ አብላጫ ድርሻ ሲገዛ ክለቡ የተገመተው በ275 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በ2023 አብላጫውን ሲሸጥ ግምቱ 3 ቢሊዮን ደርሶ ነበር። ከዚህ አጠገብ የተጫዋችነት ደመወዙ ኢምንት ነው።

የቤት ዋጋ የምደምረው የግዢ መዝገብ ካለ ብቻ ነው፤ ያልተከፈለ የቤት ብድር ካለ ይቀነሳል። መኪና አልቆጥርም። የሰው የግል ዕዳና የቤተሰብ ጉዳይም በይፋ መዝገብ ካልወጣ አልጎረጉርም፤ ክብሩን መጠበቅ አለብን።

ሁሉን ስትደምሩ አንድ ቁጥር አትጻፉ። «ከ40 እስከ 70 ሚሊዮን» ዓይነት ክልል ስጡ፤ ከጎኑ የትኛው ክፍል በሰነድ፣ የትኛው በግምት እንደመጣ ለዩ፤ የሠራችሁበትንም ቀን ጻፉ። ክለብ ሲሸጥ ወይም ሰውየው ከሥራ ሲለቅ እንደገና ትሠሩታላችሁ።