ለመርዳት ብለን የምንጎዳባቸው ስህተቶች፦ ድንገተኛ ሕመም ሲያጋጥም

ሰው ፊታችን ሲወድቅ ዝም ብሎ ማየት ይከብዳል። ውሃ እንረጫለን፣ ጎትተን እናስነሳለን፣ አፉ ውስጥ የሆነ ነገር እንጨምራለን። ሁሉም ከደግነት ነው። ችግሩ ግን የምንታገለው በዓይናችን ከምናየው ምልክት ጋር ነው። ሰውነቱ ውስጥ የተቋረጠው ሥራ ብዙ ጊዜ ሌላ ነው።

«ትንሽ ይተኛና እንየው» ማለት

ፊቱ ወደ አንድ ወገን ተጣሟል፤ አንድ እጁ አልታዘዝ ብሎታል፤ ንግግሩ ተኮላትፏል። ሕመም ስለማይሰማው ቤተሰቡ ድካም ነው ይላል። ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ስህተት ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ስትሮክ ጊዜ አይሰጥም። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ቢሆንም ሰውነት ከሚጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠው የለውም። የረጋ ደም አንድ የአንጎል የደም ቧንቧ ሲዘጋ መሃል ላይ ያሉት ሴሎች በደቂቃዎች ውስጥ መሞት ይጀምራሉ። ዳር ዳር ያሉት ግን ከሌላ ቧንቧ በሚደርሳቸው ትንሽ ደም ለተወሰነ ጊዜ ይቆያሉ። ሐኪሞች የሚሮጡት እነዚህን ለማትረፍ ነው። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ስለዚህ ሰውዬው ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየበትን ሰዓት ያዙ፤ መጠየቃችሁ አይቀርም። ምልክቱ በራሱ ቢጠፋም መሄድ አይቀርም፤ ዋናው እየመጣ ሊሆን ይችላል።

አስፕሪንም አትስጡ። ስትሮክ ቧንቧ በመዘጋት ብቻ ሳይሆን በመፈንዳትም ይመጣል። አስፕሪን ደግሞ ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርግ መድማቱን ሊያብሰው ይችላል። የትኛው እንደሆነ የሚለየው በራጅ ዓይነት ምርመራ፣ በሲቲ ስካን ነው። ምግብና ውሃም ይቆይ፤ የመዋጥ ችሎታው ተጎድቶ ትን ሊለው ይችላል።

የሚንቀጠቀጥን ሰው ጨምድዶ መያዝ

የሚጥል በሽታ ሲነሳ የአንጎል ሴሎች ተራ መጠበቅ ትተው በአንድ ጊዜ መልእክት ይለቃሉ። ጡንቻው የሚንቀጠቀጠው ከላይ ታዝዞ ስለሆነ በጉልበት አይቆምም። ትከሻ ግን ሊወልቅ ይችላል። ማንኪያ ወይም ጣት አፉ ውስጥ መክተትም እንዲሁ ነው። ምላሱን አይውጥም። ጥርሱ ግን ሊሰበር፣ የእናንተም ጣት ሊነከስ ይችላል። ከአጠገቡ ጠንካራ ነገር አርቁ፤ ጭንቅላቱ ሥር ለስለስ ያለ ነገር አድርጉ፤ ሰዓት እዩ። መንቀጥቀጡ ሲያቆም በጎኑ አስተኙት። 5 ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ ይጠራ።

ራሱን ለሳተ የስኳር ሕመምተኛ ጣፋጭ ማጠጣት

በደም ውስጥ ያለው ስኳር በአንድ ዴሲ ሊትር ከ70 ሚሊ ግራም በታች ሲወርድ ሰውዬው ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይነጫነጫል፣ ግራ ይገባዋል። ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ጣፋጭ መጠጥ ወዲያው ስጡት። ራሱን ከሳተ ግን ምንም አይሰጠውም፤ የሚጠጣው ወደ ሆዱ ሳይሆን ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። «ስኳሩ ጨምሮ ይሆናል» ብሎ ሳይለኩ ስኳር የሚያወርደውን ኢንሱሊን መውጋት ከዚህም የከፋ ነው።

ተቅማጥ የያዘውን ልጅ ውሃ መከልከል

«ከጠጣ ይብስበታል» የሚለው አነጋገር ብዙ ልጅ ጎድቷል። ልጁን የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ የወጣው ፈሳሽ አለመተካቱ ነው። ውሃና ጨው ሲያልቅ የደም መጠን ይቀንሳል፤ ልብ ባላት ትንሽ ደም ለማዳረስ ትፈጥናለች፤ ኩላሊት ሽንት ማውጣት ያቆማል። ዓይኑ ሲጎደጉድ፣ ሲያለቅስ እንባ ሲጠፋ፣ ሽንት ሲቀር ጊዜው እያለቀ ነው።

ደግነቱ፣ አንጀት በተቅማጥ ቢታመምም አንድ በር ክፍት ይቀርለታል። ጨውና ግሉኮስ አብረው ሲመጡ ያስገባቸዋል፤ ውሃም ተከትሏቸው ይገባል። ኦአርኤስ፣ ማለትም በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣው የጨውና የግሉኮስ ፓኬት፣ የሚሠራው በዚህ ነው። ለዚህም ነው ልኩ የማይነካው። ስኳር ሲበዛ ውሃን ከሰውነት ወደ አንጀት ይስባል፤ ለስላሳ መጠጥ ተቅማጡን የሚያብሰው ለዚህ ነው። ፓኬቱ ከሌለ በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ ውስጥ 6 ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጠበጣል። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ያህል ጠብቃችሁ በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ቀጥሉ። የሚጠባ ልጅ ጡት አይቋረጥበትም።

ደረቱን ካልወጋው ልብ አይደለም ብሎ መደምደም

ሃርት አታክ ማለት ለራሱ ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርሰው ቧንቧ መዘጋቱ ነው። በሴቶች፣ በአረጋውያንና በስኳር ሕመምተኞች ላይ ትንፋሽ ማጠር፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ማቅለሽለሽ ወይም የመንጋጋ ሕመም ብቻ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። የጨጓራ መድኃኒት ወስዶ እስኪነጋ መጠበቅ የልብ ጡንቻን ያስከፍላል።

ትንንሽ የሚመስሉት

ነስር ሲመጣ ቀና አትበሉ። ደሙ ወደ ጉሮሮ ይወርድና ያስመልሳል። ጎንበስ ብሎ የአፍንጫን ለስላሳ ክፍል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሳይለቁ መጫን ይበቃል። ቃጠሎ ላይ ቅባትም የጥርስ ሳሙናም አይቀባ፤ ሙቀቱን አፍኖ ይይዘዋል። ለ20 ደቂቃ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ይቆይ። አስም የተነሳበትን ሰው ደግሞ በጀርባው አታስተኙት፤ ተቀምጦ ትንሽ ወደ ፊት ሲያዘነብል ለመተንፈስ ይቀለዋል፤ የሚነፋውን መድኃኒት የሚወስደውም እንደተቀመጠ ነው።