የሐረር ብርድ ሳይገባ ቤታችሁን አዘጋጁ፣ በተለይ ከድሬ የመጣችሁ

አቦ እኔ ድሬ ነው ያደኩት። ድሬ ላይ ብርድ ማለት ታህሳስ አካባቢ ማታ ማታ ፋን ሳታበሩ የምትተኙበት ሰሞን ነው፣ በቃ እሱ ነው። ሐረር ስገባ የያዝኩት አንድ አንሶላና አንድ ስስ ብርድ ልብስ ነበር፣ ደንገጎን እየወጣን ሳለ ሚኒባሱ ውስጥ ያሉት ሰዎች አንድ በአንድ መስኮት መዝጋት ሲጀምሩ ያኔውኑ መንቃት ነበረብኝ። መንገዱ ሃምሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው ግን ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ሆና ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች፣ ስለዚ ያው ምስራቅ ነው ሙቅ ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ። የመጀመሪያውን አመት ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቤ ነው ያለፍኩት፣ ከዛ በኋላ እየጠየኩም እየተሳሳትኩም የገባኝን ነው ምጽፍላችሁ።

መቼ እንጀምር ለሚለው፣ ብዙ ሰው ብርድ ሲባል ክረምቱ ይመስለዋል፣ እዚህ ግን አጥንት ሚገባው ብርድ የበጋው ነው፣ ከህዳር እስከ ጥር። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ምድሩ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ አፍኖ ሚይዝለት ደመና የለም፣ ሌሊቱን ሙሉ ወደ ላይ ያመልጥበታል። ወደ ሐረማያና ቁልቢ በኩልማ ጠዋት ሳሩ ላይ ውርጭ ታያላችሁ። እኔ ስራውን ምጀምረው ህዳር ሲታጠን ነው፣ ህዳር 12። ቀኑ በ1911 ዓ.ም ያ የህዳር በሽታ ህዝቡን ከፈጀ ወዲህ ቆሻሻ እየተጠረገ ሚቃጠልበት ቀን ነው፣ ሰው ሁሉ ቤቱን ገልብጦ ስለሚያጸዳ አልጋ መነሳቱ ቁምሳጥን መጎተቱ አይቀርም፣ እና ግድግዳው ላይ ያለው ጉድ ሁሉ ያኔ ነው ሚወጣው።

አሁን ዋናው ነገር፣ የኛን ብርድ ሚያመጣው የእሳት እጦት አደለም፣ ቀዳዳ ነው። ቀን ላይኮ ጸሀይ እንደ ጉድ ነው፣ ችግሩ ቤቱ ያንን ሙቀት እስከ ንጋት ይዞ አለመቆየቱ ነው። ስለዚ ሂተር ልግዛ ከሰል ላስገባ ከማለታችሁ በፊት ንፋሱ በየት እንደሚገባ ፈልጉ። እኔ ምፈልገው በእጣን ነው። ማታ ውጪ ንፋስ ሲኖር በርና መስኮቱን ዝጉ፣ ማጨሻው ላይ ትንሽ እጣን ጣል አድርጉና ጭሱ ቀጥ ብሎ መውጣት ሲጀምር ቀስ እያላችሁ በበሩ ጠርዝ፣ በመስኮቱ ዙሪያ፣ የመብራት ገመድ በሚገባበት በኩል፣ ከዛ ወንበር ላይ ቆማችሁ ግድግዳውና ጣራው በሚገናኙበት አስኪዱት። መጋረጃውን ግን መጀመሪያ ሰብስባችሁ እሰሩት፣ ፍም ነው የያዛችሁት። ቀዳዳ ጋ ስትደርሱ ጭሱ ድንገት እንደተገፋ ሰው ዘንበል ይላል። እዛው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። እኔ አንዲት ክፍል ውስጥ አስራ አንድ ምልክት ነው ያገኘሁት፣ ካየኋቸው ሁሉ የገረመኝ የማብሪያ ማጥፊያው ነው፣ በሱ በኩል እንደ ፉጨት ንፋስ ይገባ ነበር! (ማብሪያ ማጥፊያና ሶኬት ጋ ግን ራሳችሁ እንዳትነካኩ፣ ኤሌክትሪክ ሰራተኛ ጥሩ።)

ከሁሉም የባሰው የበር ስር ነው። የኔን በር የሰራው አናጺ ምን እንደለካ አላውቅም፣ ከስር ሁለት ጣት ሙሉ አሳጥሮት ሄዷል፣ ስጠይቀው ደሞ ለአየር ነው አለኝ። መፍትሄው ርካሽ ነው። ጁገል (በግንብ የታጠረው የድሮው ከተማ) ውስጥ መኪና ግርግር ሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ሂዱ፣ ስሙ ራሱ ከልብስ ስፌት መኪኖቹ ድምጽ የመጣ ነው፣ ከሰፊዎቹ አንዱን የበራችሁን ስፋት ያህል ርዝመት ያለው እንደ ቋሊማ ያለ የጨርቅ ከረጢት ስፋልኝ በሉት። ቁርጥራጭ ጨርቅ እግራቸው ስር ተከምሮ ነው ሚውለው፣ እሱኑ ጠቅጥቃችሁ ትሞሉታላችሁ፣ መሃል መሃል ላይ አሸዋ በፌስታል ቋጥራችሁ ጣል ብታደርጉበት ከብዶ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ማታ በሩ ስር ትገፉታላችሁ፣ ጠዋት በእግራችሁ ገፋ፣ አለቀ። እዛው እያላችሁም መጋረጃ አሰፉ፣ ስሱን ሻሽ መሳይ ሳይሆን ወፍራሙን፣ ከመስኮቱ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ስንዝር ሚያልፍ፣ ቁመቱ መሬት ሚነካ። መጋረጃ አጭር ከሆነ ቀዝቃዛው አየር ከስሩ ተንሸራቶ ይወርዳል፣ ምንም አልሰራም ማለት ነው።

መስኮት ላይ ብዙም አላስቸግራችሁም። የብረት መስኮት ከሆነ መዝጊያው ሚገጥምበት ላይ ባለ ማጣበቂያ ስፖንጅ ለጥፉበት፣ ከመለጠፋችሁ በፊት ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቁ አለበለዚያ በሳምንቱ ተላቆ ይንጠለጠላል። መስታወቱ በጠርዙ ሚንቀጫቀጭ ከሆነ ሲሊኮን።

ጣራው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቆርቆሮ ብቻ ያለው ቤት ማታ እንደ ፍሪጅ ነው፣ ቀን ያቃጥላል ማታ ከሰማዩ እኩል ይቀዘቅዛል፣ የእናንተ ትንፋሽና የቡናው እንፋሎት ወጥቶ ቆርቆሮው ላይ ውሃ ይሆንና ንጋት ላይ ግንባራችሁ ላይ ጠብ ይላል። ኮርኒስ የግድ ነው። ብር ካለ ቺፑድ፣ ከሌለ ማዳበሪያ ከረጢት ታጥቦ ተሰፍቶ በሚስማርና በክር ይወጠራል፣ አትናቁት፣ ስራው በቆርቆሮውና በናንተ መሃል የቆመ አየር መፍጠር ነው። ጋቢ ለምን ሚሞቅ ይመስላችኋል፣ አራት ድርብ ስለሆነ መሃሉ አየር ይይዛል፣ ኮርኒስም የቤቱ ጋቢ በሉት። ሌላው ሰው ሚረሳው የቆርቆሮው ሞገድ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ ከስሩ ሚተዋቸው ክፍተቶች ናቸው፣ በተርታ አስር አስራ አምስት ቀዳዳ ነው። ጭቃ ከጭድ ጋር አቡክታችሁ ጠቅጥቁበት፣ ግን ከመኝታ ቦታው ራቅ ያሉትን ሁለት ሶስቱን ተዉአቸው፣ ወንፊት ብቻ ምቱባቸው። ለምን እንደሆነ ከሰሉ ጋ ስንደርስ ነግራችኋለሁ።

ጁገል ውስጥ የድሮ የሐረሪ ቤት የተከራያችሁ እድለኞች ናችሁ። ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ ሆኖ ወፍራም ነው፣ ቀን ቀስ ብሎ ይሞቃል ማታ ቀስ ብሎ ይለቃል፣ መኝታውና መቀመጫው ነደባ ደሞ ከወለሉ ከፍ ከፍ እያለ የተሰራ ነው፣ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ታች ይተኛል እናንተ ላይ ትተኛላችሁ። አንድ እናት ጋ ስጠይቅ ልጄ ብርድ ከፈራህ ከፍ በል አሉኝ በቃ፣ ፊዚክሱን በአምስት ቃል። ነደባው ላይ ምንጣፍ ደራርቡ፣ ወለሉም ላይ። ማታደርጉት ነገር ግን አለ፣ የተሰነጠቀውን ግድግዳ በሲሚንቶ እንዳትለስኑት። ሲሚንቶ ከጭቃው ጋር አይስማማም፣ እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ይይዘዋል፣ እርጥብ ግድግዳ ደሞ ከደረቅ ግድግዳ የበለጠ ይቀዘቅዛል፣ ከጥቂት አመት በኋላ እንደ ቅርፊት ተገንጥሎ ይወርዳል። በጭቃና በኖራ ነው ሚሰራው፣ እሱም የክረምቱ ዝናብ እርጥበት በደንብ ከደረቀ በኋላ፣ ጥቅምት መጨረሻ ጥሩ ነው። ጁገል ከ1998 ዓ.ም ጀምሮ የዩኔስኮ ቅርስ ስለሆነ ውጪውን ከመነካካታችሁ በፊት ደሞ ቅርስ ቢሮ ጠይቁ።

እና ጸሀዩን ተጠቀሙበት፣ ነጻ ነው። ታህሳስ ላይ ጸሀይ ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ ነው ምትሄደው፣ በደቡብ በኩል መስኮት ካላችሁ ከጠዋቱ ሶስት ሰዓት ጀምሮ መጋረጃውን ግለጡት፣ 10 ሰዓት ሲሆን ብርዱ ሳይቀድማችሁ ዝጉት። ሰው ሲመሽ ነው ሚዘጋው፣ ያኔ ግማሹ ወጥቷል። ፍራሽና ብርድ ልብስም በሳምንት አንዴ ጸሀይ ላይ አስጡ፣ የረጠበ ጥጥ አያሞቅም።

አሁን ከሰል። እዚህ ጋ ቀልድ የለም። ሁለተኛው አመት ላይ ነው፣ ቀዳዳውን ሁሉ ደፍኜ በራሴ ኮርቼ፣ ማታ ቡና ያፈላሁበትን የከሰል ምድጃ አመድ ስለለበሰ ጠፍቷል ብዬ ክፍሉ ውስጥ ትቼው ጋደም አልኩ። ሌሊት ሽንት ቤት ልሂድ ብዬ ስነሳ ጉልበቴ ከዳኝ፣ ጭንቅላቴ በመዶሻ እንደሚመታ ነው፣ በሩን እንዴት እንደከፈትኩት አላስታውስም፣ ደጁ ላይ ተቀምጬ ሳስመልስ ነው የአከራዬ ልጅ ያገኘኝ። ሽንቴ ባይመጣ ይሄን ሚጽፍላችሁ ሰው አይኖርም ነበር። ከከሰል ሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፣ መጀመሪያ ራስ ምታት ከዛ ማቅለሽለሽ ከዛ እንቅልፍ ነው፣ እና የተኛ ሰው ራስ ምታቱን አይሰማም። ከተቀጣጠለ በኋላ ችግር የለውም ሚባለው ውሸት ነው፣ ፍሙ ቀይ ሆኖም አመድ ለብሶም ያወጣል። አጠገቡ ውሃ ማስቀመጥም አያድንም። ቤቱን በደፈናችሁት ቁጥር ደሞ ከሰሉ የበለጠ ገዳይ ነው ሚሆነው፣ ለዛ ነው ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ተዉ ያልኳችሁ፣ እነሱም ግን ለምትተነፍሱት አየር ናቸው እንጂ ለከሰል ፈቃድ አደሉም። ቡና ስታፈሉ በር ክፈቱ፣ ልትተኙ ስትሉ ምድጃው ከነአመዱ ደጅ ይውጣ። ሰው እንደዛ ሆኖ ካገኛችሁ ቶሎ ወደ ውጪ አውጡት ከዛ ሆስፒታል፣ ወተት ምናምን እያላችሁ ጊዜ አታባክኑ።

የኤሌክትሪክ ሂተር ምትሉ ካላችሁ 2,000 ዋት ሚባለው በ220 ቮልት ወደ 9 አምፔር ይስባል፣ ያቺ ቀጭኗ ማከፋፈያ አትችለውም፣ ገመዷን ስትነኩ ከሞቀች አውጡት። ግድግዳው ሶኬት ላይ ብቻ፣ ከመጋረጃ አንድ ሜትር አርቃችሁ፣ ስትተኙ ጠፍቶ። እኔ ትቼዋለሁ፣ ቢሉም ከበደኝ። ሃይላንድ ጠርሙስ ላይ የሞቀ ውሃ ሞልቼ (የፈላ አደለም፣ ፕላስቲኩ ይጨማደዳል) በካልሲ ከትቼ እግሬ ስር ነው ምተኛው፣ ማታ ላይ አንድ ስኒ ቁጢ (የቡና ቅጠል ተፈልቶ) በወተት ከጠጣሁማ ሹራቤን ራሱ አወልቃለሁ።

አልጋው ላይ ብርድ ልብስ ከላይ መከመር ብቻ አደለም፣ ከስርም ነው። ስፖንጅ ፍራሽ ስስ ከሆነ አንዱን አሮጌ ብርድ ልብስ ከአንሶላው ስር አንጥፉት፣ ልዩነቱን በመጀመሪያው ሌሊት ታዩታላችሁ። አዲስ ምትገዙ ከሆነ የሳሳውን ሁለት ከምትገዙ ወፍራሙን አንድ፣ ሰልባጅ ተራ ላይ ጥሩ ጥሩ ይገኛል ግን ቤት ሳይገባ በፈላ ውሃ ይታጠብ፣ ትኋን ይዛችሁ እንዳትገቡ።

እና የመጨረሻው፣ ታህሳስ 19 ቁልቢ ገብርኤል ስለሆነ ከ17 ጀምሮ ከድሬ ዘመድ ይመጣባችኋል። ሁሉም በቲሸርት ነው ሚመጣው፣ እኔም እንደዛው ነበርኩ። አንድ ሁለት ትርፍ ጋቢ አጥባችሁ በር አጠገብ ስቀሉ፣ ገና ሰላም ሳይሏችሁ አይናቸው እሱ ላይ ነው ሚያርፈው።